በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ሠሪውና ሰብሳቢው

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ የሚባለው ባሩዱም አረሩም ከፊት፣ በአፈሙዙ በኩል ገብተው፣ በዘንግ እየተጠቀጠቁ እስከ ቱቦው ግርጌ የሚወርዱበት መሣሪያ ነው፤ ባሩድን፣ አረርንና ማቀጣጠያን በአንድ ቀለህ አጠቃሎ የያዘው የዛሬው ጥይት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስኪስፋፋ ድረስ ጦር ሜዳውንም አደኑንም ለብዙ መቶ ዓመታት የገዛው በአብዛኛው ይኸው ዓይነት ነበር። አማርኛ ለዚህ መሣሪያ ባዳ አይደለም፤ ጠመንጃ «ይጎርሳል»፣ ባለቤቱም «ያጎርሰዋል» የሚለው አነጋገር እስካሁን ያልተረሳ ሲሆን፣ «ነፍጥ» የሚለው ስምም ከዐረብኛ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ቃሉ በዐረብኛ መጀመሪያ ለሚነድ ዘይት፣ ኋላም በግብጽ ማምሉኮች ዘመን ለባሩድና ለባሩድ መሣሪያ ያገለግል ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸውና ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው ከጦር ሠራዊት መጋዘን ከወጣ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቢሆነውም፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ዛሬም በገዛ እጃቸው የሚሠሩት፣ የጥንቶቹንም እያሰሱ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሠሪውና ሰብሳቢው ከአንድ ፍቅር የተነሡ ቢመስሉም የሚጠብቁት ነገር ለየቅል ነው፤ ሰብሳቢው የሚጠብቀው ዕቃውን ሲሆን ሠሪው የሚጠብቀው ዕቃውን ያስገኘውን ሙያ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይራመድም፣ ኋላ እንደሚታየው ግን የአንዱ ሥራ የሌላውን የሚያበላሽበትም ጊዜ አለ።

የጥንቱን ጠመንጃ አሠራር ለመረዳት እሳቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይቀድማል። በመጀመሪያዎቹ ነፍጦች ተኳሹ ቀስ እያለ የሚጤስ ፈትል ይዞ መዞር ነበረበት፤ ፈትሉ ዝናብ ሲነካው ይጠፋል፣ በጨለማም ፍሙ ያጋልጣል። ይህን ችግር ያቃለለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፈረንሳይ የተፈለሰፈውና ብዙውን ጊዜ የሊዝዮ ከተማ ሰው ለነበረው ለማሬን ለቡርዥዋ የሚሰጠው የባልጩት መለኮሻ ነው። ቃታው ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ተፈናጥሮ በማጠፊያ የቆመ የብረት ሳንቃን ይመታል፤ ሳንቃው በምቱ ሲከፈት ከሥሩ ያለው ትንሽ የባሩድ ሳህን ይገለጣል፤ ፍንጣሪው በሳህኑ ውስጥ ባለው ደቃቅ ባሩድ ላይ ይወርድና፣ ነበልባሉ በቱቦው ጎን በተበሳች ጠባብ ቀዳዳ አልፎ በውስጥ የተጠቀጠቀውን ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ቢሆንም ጆሮ ሁለቱን ድምፆች፣ የሳህኑን ፍጭታና የቱቦውን ፍንዳታ፣ ለይቶ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ቀዳዳዪቱ በጥላት ከተደፈነች ደግሞ ሳህኑ ብቻ ነድዶ ጠመንጃው ዝም ይላል። ጀማሪ ተኳሽ የሚስተው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ብልጭታው ፊቱ ላይ ሲበራ ስለሚደነግጥ አረሩ ከመውጣቱ በፊት ጠመንጃውን ያንቀሳቅሰዋል።

ከጥንታዊ ጠመንጃዎች ሁሉ ሠሪዎችንም ሰብሳቢዎችንም ይበልጥ የማረከው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ፣ በተለይም በፔንስልቬንያ፣ የተወለደው ረጅሙ ጠመንጃ ነው። ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የመጡ ሰፋሪዎች «ዬገር»፣ ማለትም «አዳኝ»፣ የሚባል አጭርና አፈ ሰፊ ጠመንጃ ይዘው ገቡ፤ የዚህ ጠመንጃ ልዩነት በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እየተጠማዘዙ የሚወርዱ ቦዮች ያሉት መሆኑ ነው፤ ቦዮቹ አረሩን እያሽከረከሩ ስለሚያስወጡት፣ እንዝርት ሲሾር ሳይወድቅ እንደሚቆም ሁሉ፣ አረሩም አቅጣጫውን ሳይስት ሩቅ ይሄዳል። በላንካስተር፣ በሬዲንግና በቤተልሔም አካባቢ የሠሩት አንጥረኞች ይህን መሣሪያ ለአሜሪካ ጫካ አመቻቹት፤ ቱቦውን ከአንድ ሜትር በላይ አስረዘሙት፣ አረርና ባሩድ ብዙ ቀን ከከተማ ርቆ ለሚቆይ አዳኝ ውድ ነገር ነውና የአፉን ስፋት አጠበቡት፣ አረሩንም በቅባት በተነከረ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ማጉረስን የተለመደ አደረጉት፤ ጨርቁ አረሩ ከቦዮቹ ጋር እንዲያያዝ ያደርጋል፣ ሲወርድም ጥላቱን ይጠርጋል።

ስሙ እንኳ ሠሪዎቹን አላከበረም። ጠመንጃው የፔንስልቬንያ አንጥረኞች ሥራ ሆኖ ሳለ እንግሊዞች በ1815 በኒው ኦርሊንስ ከተሸነፉ በኋላ ስለ ኬንታኪ አዳኞች የተዘፈነ አንድ ዘፈን ስለገነነ «የኬንታኪ ጠመንጃ» ተብሎ ቀረ። በጦርነት ያለው ዋጋም ብዙ ጊዜ ይጋነናል፤ ቦይ የሌለው የወታደር ጠመንጃ የሠለጠነ እጅ ከያዘው በደቂቃ እስከ 3 ጊዜ ሲተኩስ ረጅሙ ጠመንጃ በጥንቃቄ ስለሚጎርስ ከዚያ በጣም ያነሰ ይተኩሳል፣ ሳንጃም አይሰካበትም። ቢሆንም ተራራና ጫካ ባለበት ቦታ ነገሩ ይገለበጣል። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት፣ ጥቅምት 7 ቀን 1780 በኪንግስ ማውንቴን፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ወሰን አጠገብ በተደረገው ውጊያ፣ ከተራራ ማዶ የመጡ ባለ ረጅም ጠመንጃ ዘማቾች ለእንግሊዝ ንጉሥ የቆመውን ጦር ከዛፍ ዛፍ እየተጠለሉ ደመሰሱት፤ አዛዡ ፓትሪክ ፈርጉሰንም እዚያው ወደቀ። ፈርጉሰን በ1776 ከኋላ በኩል የሚጎርስና ከዘመኑ እጅግ የቀደመ ጠመንጃ ያስመዘገበ ፈልሳፊ ነበር፤ የገደሉት ግን በአፈሙዛቸው የሚጎርሱት ሆኑ።

እንዲህ ያለውን ጠመንጃ የሠራ ሰው ቢያንስ የሦስት ሙያ ባለቤት ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ፣ እንጨት ጠራቢ፣ ናስና ብር ላይ የሚቀርጽ ጌጠኛ። ቱቦው የሚጀምረው ከጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ብረቱ በወናፍ እሳት ግሎ በዘንግ ዙሪያ ይታጠፋል፣ ዳርና ዳሩም ጥቂት ጥቂት እየጋለና እየተቀጠቀጠ ይጋጠማል፤ ከዚያ ውስጡ ይቦረቦራል፣ በዓይን እየታየ ይቃናል፣ ውጩም በሞረድ ስምንት ገጽ እንዲኖረው ይደረጋል። ቦዮቹን ማውጣት ትዕግሥትን ይፈትናል። ሠሪው በላዩ ጠመዝማዛ መስመር የተቀረጸበትን ትልቅ እንጨት እንደ መሪ ይጠቀማል፤ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘው ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥርስ አለው፤ ዘንጉ ሲጎተት እንጨቱ ስለሚያዞረው ጥርሱ በቱቦው ውስጥ እየዞረ ከብረቱ ፀጉር የምታህል ይፍቃል። ጥርሱ መፋቅ ሲያቆም ከሥሩ ቁራጭ ወረቀት ይደረግና ከፍ ይላል፣ እንደገናም ይጎተታል፤ እያንዳንዱ ቦይ እስኪጠልቅ ድረስ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፣ ቦዮቹም ብዙውን ጊዜ 7 ናቸው። በወረቀት ውፍረት የሚለካ የብረት ሥራ በዚያ ዘመን በእጅ ይከናወን እንደነበር ማሰብ ያስገርማል።

እንጨቱ ሜፕል ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ የሚጠረብ ሲሆን፣ የሚመረጠው የእንጨቱ ጭረት እንደ ውኃ ሞገድ የሚተኛበት ዓይነት ነው፤ ብረት የሟሟበት አሲድ ተቀብቶ በእሳት ሲሞቅ ሞገዱ ከቡናማ ወደ ጥቁር እየተፈራረቀ እንደ ነብር ቆዳ ይወጣል። ከሰደፉ በቀኝ በኩል ቅባት የነካውን ጨርቅ የሚይዝ ጎድጓዳ ስፍራ ይፈለፈላል፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የዚህ ስፍራ ክዳን ከናስ እየተሠራ የየአካባቢው አንጥረኞች መለያ ሆነ። የላንካስተሩ ክዳን ራስጌው አበባ ይመስላል፤ የሌሎች ቀበሌዎች ደግሞ በሰደፉ አወራረድና በቅርጻ ቅርጹ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ የለመደ ዓይን ስም ያልተጻፈበትን ጠመንጃ እንኳ የየትኛው አውራጃ ልጅ እንደሆነ ይናገራል። መለኮሻው ግን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን የሚመጣ የሸቀጥ ዕቃ ነበር፤ ይህም ዛሬ «ሁሉን በእጁ ያልሠራ ሠሪ አይባልም» ለሚሉት ጥሩ መልስ ነው።

የባልጩቱን ዘመን የዘጋው አደን የሚወድ አንድ ቄስ ነው። የስኮትላንዱ አሌክሳንደር ፎርሳይት ከሳህኑ የሚወጣው ብልጭታ ወፎቹን ቀድሞ ስለሚያስበረግግበት፣ በምት ብቻ የሚፈነዳ ውሕድን ለመለኮሻነት የሚጠቀም ዘዴ በ1807 አስመዘገበ፤ ከእርሱ ሐሳብ ተነሥቶ ከ1820ዎቹ ጀምሮ ውሕዱን በያዘች ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚሠራው መለኮሻ ተስፋፋ፣ ብዙ የባልጩት ጠመንጃዎችም ወደዚሁ ተለወጡ። በ1849 ፈረንሳዊው ክሎድ ኤትየን ሚኒዬ የሥሩ ጎድጓድነት በፍንዳታው ኃይል ሰፍቶ ቦዮቹን የሚይዝ አረር ሲያስተዋውቅ፣ ቦይ ያለው ጠመንጃ በፍጥነት መጉረስ ቻለ፤ የእንግሊዙ የ1853 ኤንፊልድም በዚህ መርህ የሚሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ኢትዮጵያን ይነካል። አሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር እነዚያኑ ኤንፊልዶች ከኋላ ቆርጦ በማጠፊያ የሚከፈት በር በመግጠም በኋላ በኩል እንዲጎርሱ የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ፤ የእንግሊዝ ጦርም በ1866 ተቀበለው። ኢትዮጵያውያን «ሰናድር» ብለው የጠሩት ይህ ጠመንጃ በጦርነት የተፈተነው በመቅደላ ዘመቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዓርብ፣ በእሮጌ ሜዳ፣ አብዛኞቹ ጋሻና ጦር ወይም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ የያዙት የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ሰናድር ከያዘው የሮበርት ናፒየር ጦር ጋር ገጠሙ፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሲሞቱ የእንግሊዞቹ ጉዳት በአብዛኛው ከ20 በማይበልጡ ቁስለኞች ተወሰነ። በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ዘመኑ ማለፉን እንዲህ በግልጽ ያሳየ ቀን ጥቂት ነው፤ ያሸነፈውም መሣሪያ ራሱ ትናንት በአፈሙዙ የሚጎርስ የነበረ መሆኑ ነገሩን ያከረዋል።

ሙያው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የተረፈው በአሜሪካ ተራራማ ገጠሮች፣ አዲስ መግዛት ባልቻሉ ወይም ባልፈለጉ ሰዎች እጅ ነበር። በ1924 ጆን ዲሊን የተባለ ጸሐፊ ስለ ኬንታኪ ጠመንጃ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1931 በኦሃዮዋ ፖርትስመዝ የጥንት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ለተኩስ ውድድር ተሰበሰቡ፤ ከዚህ የተነሣው ብሔራዊ ማኅበር በ1933 ተቋቋመ፣ ዛሬም በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ፍሬንድሺፕ በምትባል ትንሽ መንደር ዓመታዊ ውድድሮቹን ያካሂዳል። ተርነር ከርክላንድ በ1954 በቴነሲ ያቋቋመው ዲክሲ ገን ዎርክስ የጠፉ ክፍሎችን በፖስታ ለፈላጊው ማዳረስ ጀመረ። ከ1961 እስከ 1965 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት ሲከበር የአምሳያ ጠመንጃ ፈላጊው ስለበዛ፣ በሰሜን ጣልያን በብሬሻ አጠገብ የምትገኘው ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ገበያውን ያዘች፤ ይህች ከተማ ለጠመንጃ ሥራ እንግዳ አይደለችም፣ የዚያው ስፍራ የቤሬታ ቤት በ1526 ለቬኒስ ጦር ግምጃ ቤት 185 የጠመንጃ ቱቦ መሸጡ በሰነድ ተመዝግቦ ይገኛል።

ለሙያው ትንሣኤ ግን ከፋብሪካው ይልቅ የአንድ ሰው እጅ ሳይበልጥ አይቀርም። በቨርጂኒያዋ ጥንታዊት ከተማ በዊልያምስበርግ አንጥረኛ የነበረው ዋላስ ጉስለር አንድን ረጅም ጠመንጃ ከጥሬ ብረትና ከእንጨት ተነሥቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያዎች ብቻ ሲሠራ የሚያሳይ ፊልም በ1969 ወጣ፤ ቱቦውን ቀጥቅጦ መሥራት የሞተ ጥበብ ነው የሚለው ወሬ በዚያ አበቃ። ዛሬ አብዛኞቹ ሠሪዎች ያን ያህል አይሄዱም፤ ቱቦውን በማሽን ከተቦረቦረ ብረት ይገዛሉ፣ መለኮሻውንም በቅርጽ ፈስሶ ከመጣ ክፍል ይገጣጥማሉ፣ ጥበባቸውን የሚያሳዩት በእንጨቱ፣ በቅርጻ ቅርጹና በክፍሎቹ አጋጠም ነው። ጀማሪው ክፍሎቹ ተዘጋጅተው በሳጥን የሚሸጡትን ይገዛና ሞረድና አሸዋ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ጠመንጃው ሳይሆን የሠሪው ትዕግሥት ነው። ለአደን ወቅት ብቻ ተብለው ከ1980ዎቹ ወዲህ የወጡት፣ በመልካቸው ከዘመናዊ ጠመንጃ የማይለዩት ፕላስቲክ ለበሶች በአፈሙዛቸው መጉረሳቸው ባይካድም ከዚህ ጥበብ ቤተሰብ የሚቆጠሩ አይደሉም።

ባሩዱም የራሱ ሥርዓት አለው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚጎርሱት ከከሰል፣ ከድኝና ከናይትሬት የተቀመመውን ጥቁር ባሩድ ወይም ለእርሱ ምትክ እንዲሆን የተዘጋጀውን ብቻ ነው፤ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት የማይመጣጠን በመሆኑ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል። ጥቁሩ ባሩድ የሚተወው ጥላት ደግሞ እርጥበት ስቦ ብረት ይበላልና በተተኮሰበት ቀን በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ ካላደረ ወራት የፈጀው ሥራ በጥቂት ቀናት ይዝጋል።

የሰብሳቢው ዓለም በዓይን ማንበብን ይጠይቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባልጩት ወደ መዳብ ቆብ የተለወጠ ጠመንጃ፣ ባልጩት በገበያ የበለጠ ስለሚከፈልበት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ባልጩት «የተመለሰ» ሊሆን ይችላል፤ ሥራው በጎበዝ እጅ ከተሠራ መለየቱ ያዳግታል። ቱቦው ከኋላው አጥሮ፣ ውስጡ ሰፍቶ ዳግመኛ ቦይ ወጥቶለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን በዘመኑ የተለመደ ጥገና ስለሆነ እንደ ነውር አይቆጠርም። ስምና ዓመት ያለበት ዕቃ የሚከበረው ለዚህ ነው፤ የሞራቪያ ማኅበረ ምእመናን በፔንስልቬንያ ባቋቋሙት የክርስቲያንስ ስፕሪንግ የጠመንጃ መሥሪያ ቤት አንድሬያስ አልብሬክት ያሠለጠነው ክርስቲያን ኤርተር በ1770ዎቹ ስሙንና ዓመቱን ቱቦው ላይ የቀረጸባቸው ጠመንጃዎች ሌሎቹን ስመ ቢሶች ለማወቅ እንደ መለኪያ ያገለግላሉ፤ ከእነርሱ አንዱ፣ 1775 የተጻፈበት፣ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ሠሪና ሰብሳቢ የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው። ብዙ የዛሬ ሠሪዎች አዲሱን ጠመንጃ ሁለት መቶ ዓመት ያገለገለ እስኪመስል ድረስ ያስረጁታል፤ ብረቱን ያዝጋሉ፣ ሰደፉን በእጅ መዳሰስ የደከመ ያስመስላሉ፣ ናሱንም ያጠቁራሉ። ይህ በራሱ ነውር የለውም፣ እንዲያውም ከፍ ያለ ችሎታ ነው፤ ነውሩ ስሙንና ዓመቱን ሳይቀርጽ መሸጡ ነው፣ ዕቃው ሁለት ሦስት እጅ ከተለዋወጠ በኋላ አምሳያነቱ ተረስቶ ጥንታዊ ተብሎ በሰብሳቢው መደርደሪያ ይቀመጣልና። ስሙን የማይቀርጽ ሠሪ የሚወደውን ታሪክ ራሱ ያበላሻል። በዓለም አቀፍ የተኩስ ውድድሮች ዋናዎቹና አምሳያዎቹ በተለያየ ምድብ እንዲወዳደሩ መደረጉ ይህንኑ ወሰን የማክበር ሥራ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። የአሜሪካ የ1968 ሕግ እስከ 1898 የተሠራን ጠመንጃ፣ የዛሬ ጥይት የማይጎርሱ አምሳያዎቹንም ጭምር፣ በፌዴራል ደረጃ ከተራ ጠመንጃ ይለያል፤ እንግሊዝ ጥንታዊውን ለጌጥ ብቻ ከተያዘ ትተወዋለች፣ ሊተኩስበት ለሚሻ ግን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ጀርመን ከ1871 በፊት ለተፈለሰፉ ነጠላ ተኳሾች ላላ ብትልም የባሩዱን ፈቃድ አጥብቃ ትይዛለች። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ሲሆን፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የአያት ነፍጥ በቤቱ ያለ ሰው መጀመሪያ ሕጉን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከሕጉም በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በ1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ከሜዳው 27,574 ጠመንጃዎች ተለቅመው ሲመረመሩ ወደ 24,000 ያህሉ እንደጎረሱ ተገኙ፤ ግማሽ ያህሎቹ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ነበር፣ አንዱ ደግሞ 23 ጊዜ። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ሆዱን ከውጭ አያሳይም፣ ባሩዱም ከደረቀ ብዙ ዘመን ኃይሉን አያጣም። ስለዚህ አሮጌ ነፍጥ በሳጥን ወይም በጣራ ሥር ያገኘ አንባቢ ቃታውን አይንካ፣ ዝገቱንም በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍግ፤ የሚያውቅ ሰው ይጥራ። አዋቂው ፊቱን ከአፈሙዙ አርቆ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወደ ቱቦው ያወርዳል፣ አፈሙዙ ጋ ምልክት ያደርጋል፣ ዘንጉንም አውጥቶ ከቱቦው ውጭ ያስተያየዋል፤ ዘንጉ ከእሳቱ ቀዳዳ ሳይደርስ ከቆመ ጠመንጃው ዛሬም እንደጎረሰ ነው።